የኑክሊየር ሽብር አደጋና የመሐንዲሱ ድርሻ





ስለ አቶም ኃይል በተነሣ ቍጥር የሰው ሁሉ አሳብ በቅድሚያ የሚሄደው ወደ ሂሮሺማና ወደ ናጋሳኪ ነው። ይህም የሚያስገርም አይደለም። ከ1945 ዓ.ም. ወዲህ የተወለደው ትውልድ ሁሉ ያደገው በዚያ ደመና ጥላ ሥር ነውና። ይሁን እንጂ ያ ፍርሃት የመንግሥታት ፍርሃት ነበር። ቦምቡ የመንግሥት ነበር፤ ትእዛዙም የመንግሥት ነበር፤ ትእዛዙን የሚያግደውም የሌላው መንግሥት አጸፋ ነበር። ለዚህ ንግግር የተመረጠው ርእስ ግን ከዚህ የተለየ ነው። ይኸውም አጸፋ የሚመለስበት አገርም ሆነ ከተማ የሌለው፣ ለሕግም ለድርድርም የማይመች አንድ ቡድን የኑክሊየር ወይም የጨረራ ቁስ በእጁ ቢያስገባ ምን ሊደርስ ይችላል፤ እንዳያስገባስ ምን መደረግ አለበት የሚለው ጥያቄ ነው። (በንግግሩ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታትና ወራት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸው ይታወቅ።)

ይህ የፖሊስና የወታደር ጉዳይ ነው፤ መሐንዲስን ምን አገባው? የሚል አድማጭ ሊኖር ይችላል። መልሱን ከአፍሪካ ምድር ሳይወጡ ማግኘት ይቻላል።

ከፕሪቶሪያ ከተማ በስተ ምዕራብ፣ ብዙም ሳይርቅ፣ ፔሊንዳባ የሚባል የኑክሊየር ምርምር ጣቢያ አለ። ደቡብ አፍሪካ በአፓርታይድ ዘመን በምስጢር ስድስት የአቶም ቦምቦችን ሠርታ ሰባተኛውን ጀምራ ነበር። ፕሬዚዳንት ደ ክለርክ በማርች 1993 ዓ.ም. ለፓርላማው እንደ ገለጹት እነዚያ ቦምቦች ፈርሰዋል፤ በፈቃዱ የሠራውን የአቶም መሣሪያ አፍርሶ የጣለ መንግሥት ያ የመጀመሪያው ነበር። ነገር ግን ቦምብ ሲፈርስ ዩራኒየሙ አይፈርስም። ከመሣሪያዎቹ የወጣው እጅግ የበለጸገ ዩራኒየም በዚሁ በፔሊንዳባ ጣቢያ ተከማችቶ ተቀመጠ። በኖቬምበር 7 ለ8 አጥቢያ፣ 2007 ዓ.ም.፣ መሣሪያ የታጠቁ ሁለት ቡድኖች ከሁለት የተለያዩ አቅጣጫዎች ጣቢያውን ደፈሩ። አንደኛው ቡድን 10,000 ቮልት የተለቀቀበትን አጥር አልፎ ገባ። የኤሌክትሪኩን ነገር የሚያውቅ ሰው ካልሆነ በቀር እንዲህ ያለውን አጥር ቆርጦ በሕይወት የሚያልፍ እንደማይኖር ለዚህ ጉባኤ ማስረዳት አያስፈልግም። ሰዎቹ የአደጋ ጊዜ መቈጣጠሪያ ክፍል ድረስ ዘልቀው በሥራ ላይ የነበረ አንድ ሠራተኛ ደረቱን በጥይት መቱት። ሰውየው በሕይወት ተርፏል። በግቢው ውስጥ 45 ደቂቃ ያህል ቈይተው በገቡበት መንገድ ወጥተው ሄዱ። ሁለተኛው ቡድን ከዘበኞች ጋር ተኩስ ከተለዋወጠ በኋላ ሸሸ።

ዩራኒየሙ ወዳለበት አልደረሱም። ምን ፈልገው እንደ መጡም በግልጽ ሳይታወቅ ቀረ። የአገሩ ባለሥልጣኖች ነገሩን እንደ ተራ ወንጀል ሲመለከቱት፣ ሌሎች ደግሞ ተራ ሌባ እንዲህ ያለውን አጥር አይመርጥም ሲሉ ተከራክረዋል። ክርክሩ በዚህ ስፍራ አይፈታም። ለመሐንዲስ ከዚህ የበለጠ የሚያስደነግጠው ሌላው ነው። በግቢው ካሜራዎች ነበሩ፤ ካሜራዎቹም ሰዎቹን ሲገቡ ቀርጸዋቸዋል፤ ነገር ግን በዚያች ሰዓት ሥዕሉን ተመልክቶ የተነሣ ተረኛ አልነበረም። አጥሩም፣ ቮልቱም፣ ካሜራውም በዕቅዱ ላይ የተሰጣቸውን ሥራ ሠርተዋል። ያልሠራው እነዚህን ሁሉ አንድ አድርጎ የሚያያይዘው ሥርዓት ነበር።

አፍሪካ ከኑክሊየር መሣሪያ ነጻ ቀጣና መሆኗን የሚደነግገው ውል ስሙን የወሰደው ከዚሁ ስፍራ መሆኑ የታሪክ ምጸት ነው። የፔሊንዳባ ውል በ1996 ዓ.ም. ካይሮ ላይ ተፈርሞ በጁላይ 2009 ዓ.ም. ጸና። የውሉ ሰነድ ጠባቂ ሆኖ የተሰየመው አዲስ አበባ ላይ የሚገኘው የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ዋና ጸሐፊ ነበር። ውሉ መሣሪያ መሥራትን ከመከልከሉም በላይ አባል አገሮች የኑክሊየር ቁሳቸውን ከስርቆትና ካልተፈቀደ እጅ እንዲጠብቁ ያስገድዳል። እንግዲህ ውሉ በተፈረመ በ11 ዓመት፣ የውሉ ስም በተወሰደበት በዚያው ግቢ አጥሩ ተቈርጦ ተገኘ ማለት ነው።

ይህ የደሀ አገር ድካም ነው የሚል ቢኖር አሜሪካን ይመልከት። በቴነሲ ክፍለ ሀገር ኦክ ሪጅ ላይ የሚገኘው የዋይ 12 ድርጅት የአሜሪካ የበለጸገ ዩራኒየም ዋና ግምጃ ቤት ነው። በጁላይ 28 ቀን 2012 ዓ.ም. ሌሊት ሦስት የሰላም ታጋዮች፣ ከነርሱም አንዷ የ82 ዓመት መነኵሲት እኅት ሜጋን ራይስ፣ ሦስት አጥሮችን በመቍረጫ እየቈረጡ ዩራኒየሙ የተቀመጠበት ሕንጻ ግድግዳ ዘንድ ደረሱ። ግድግዳው ላይ ጽሑፍ ጻፉ፤ ደም ረጩ፤ በመዶሻም መቱት። ዓላማቸው ሽብር ሳይሆን ተቃውሞ ነበር፤ ሆኖም አጥሩ የሰውን ዓላማ አይጠይቅም። ኋላ በተደረገው ምርመራ የተገለጸው እንዲህ ነበር። ያንን አቅጣጫ የሚያሳየው ካሜራ ከተበላሸ ወራት አልፈውት ነበር። የማስጠንቀቂያው ደወል በነፋስና በዱር እንስሳት ምክንያት ያለ ነገር እየጮኸ ጠባቂዎቹን ስላሰለቻቸው የዚያ ሌሊቱ ጩኸት ከሌላው ጊዜ የተለየ መስሎ አልታያቸውም። የመዶሻውን ድምፅ የሰሙትም የጥገና ሠራተኞች ናቸው ብለው ዝም አሉ። በማንኛውም ፋብሪካ የሠራ መሐንዲስ ይህን በሽታ ያውቀዋል። የሚሞቅ ቦይለር ወይም የሚያፈስ ቫልቭ ላይም ሰው ደወልን የሚለምደው በዚሁ ዓይነት ነው። ልዩነቱ እዚህ የተለመደው ደወል ለአንዲት ከተማ መጥፊያ የሚሆን ቁስ ጠባቂ መሆኑ ብቻ ነው።

እስከዚህ የተነገረው ከውጭ ስለሚመጣ ሰው ነው። ነገር ግን በዚህ ረገድ የታወቁት ስርቆቶች ሲመረመሩ የበለጠ የሚያሳስበው የውስጡ ሰው ሆኖ ይገኛል። በ1992 ዓ.ም. ሶቪየት ኅብረት በፈረሰ ማግሥት፣ ከሞስኮ በስተ ደቡብ ፖዶልስክ በምትባል ከተማ፣ ሉች በተባለ የምርምር ፋብሪካ የሚሠራ አንድ መሐንዲስ 1.5 ኪሎ ግራም ያህል እጅግ የበለጸገ ዩራኒየም ሰርቆ ተገኘ። ያደረገው ነገር ለዚህ ጉባኤ ሰዎች በቀላሉ የሚገባ ነው። በፋብሪካው የሒሳብ አያያዝ ከሥራ ላይ ከሚውለው ቁስ በመቶ 3 ያህል ቢጐድል እንደ ተፈጥሮ ብክነት ይቈጠር ነበር። ሰውየውም ሥራውን ከሌሎቹ ይልቅ በጥንቃቄ እየሠራ ብክነቱን ቀነሰ፤ ያተረፈውንም ልዩነት በጥቂት በጥቂቱ ወደ ቤቱ ይዞ ሄደ። የወሩ ሒሳብ ሲዘጋ ምንም የጐደለ ነገር አልታየም። ቁሱን ያስቀመጠው በመኖሪያ ቤቱ ሰገነት ላይ ነበር። ሽብርተኛ አልነበረም፤ ደመወዙ በዋጋ ንረት ስላለቀበት አዲስ ማቀዝቀዣና ምድጃ ለመግዛት ያሰበ ሰው ነበር። የተያዘውም ስርቆቱ ስለ ታወቀበት ሳይሆን፣ በሌላ ጉዳይ ከሚፈለጉ ጎረቤቶቹ ጋር አብሮ በመገኘቱ በአጋጣሚ ነው። የሒሳብ መቻቻያ ልክ በመሐንዲስ እጅ ይወሰናል፤ እዚህም ላይ የሌባው በር ሆኖ የተገኘው እርሱ ነበር።

ሁለተኛው ምሳሌ ከአውሮፓ መካከል ነው። በቤልጅየም ዱል በሚባል ስፍራ በሚገኘው የኑክሊየር ኃይል ማመንጫ፣ በኦገስት 2014 ዓ.ም.፣ አንድ ሰው የአራተኛውን ክፍል የተርባይን ቅባት ዘይት የሚያወርደውን የአደጋ ጊዜ ቫልቭ ሆን ብሎ ከፈተው። ዘይቱ ፈሶ አለቀ፤ ተርባይኑም ያለ ቅባት እየዞረ ክፉኛ ተጐዳ፤ ማመንጫውም ለወራት ተዘጋ። ከኑክሊየሩ ክፍል ጋር የተያያዘ ነገር አልነበረም፤ ጨረራም አልወጣም። ግን ወደዚያ ስፍራ መግባት የሚችለው የመግቢያ ፈቃድ ያለው ሰው ብቻ ነበር። ምርመራው ዓመታት ቢፈጅም አድራጊው ሳይታወቅ ቀረ።

አሁን ወደ መጠኑ ነገር እንለፍ። በቪየና የሚገኘው ዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ ለቍጥጥር ሥራው እንደ መለኪያ የሚጠቀምበት ልክ አለ። ይኸውም አንድ የኑክሊየር ፈንጂ የመሥራት ዕድል አይዘጋም የሚባልበት መጠን ሲሆን፣ ለእጅግ የበለጸገ ዩራኒየም 25 ኪሎ ግራም፣ ለፕሉቶኒየም 8 ኪሎ ግራም ነው። ከዚህ ጋር ሲነጻጸር በፖዶልስክ የተሰረቀው፣ በዲሴምበር 1994 ዓ.ም. ፕራግ ላይ የተያዘው 2.7 ኪሎ ግራም፣ ወይም በ2006 ዓ.ም. ትብሊሲ ላይ አንድ ሰው ሊሸጠው ሲል የተያዘው መቶ ግራም እንኳ የማይሞላ ዩራኒየም ኢምንት ሊመስል ይችላል። እዚህ ላይ ነገሩን አለማጋነን ያስፈልጋል። እንዲህ ያለውን ፈንጂ መሥራት ለአንድ ቡድን እጅግ አስቸጋሪ ነው፤ እስከ ዛሬም የሠራ የለም። ነገር ግን አስቸጋሪ የሆነበት ዋናው ምክንያት ቁሱ አለመገኘቱ ነው። ዕውቀቱን መደበቅ ከቶ አልተቻለም፤ የቀረው መከላከያ ቁሱን መደበቅ ነው። በመሆኑም በዚህ ቁስ ላይ ስለ ኪሎ ግራም ሳይሆን ስለ ግራም መጨነቅ ይገባል።

ይህ ስለ ቦምቡ ነው። ቀጥሎ የሚነገረው ግን ኑክሊየር ማመንጫም ሆነ ቦምብ የሌላትን አገር ሁሉ፣ ኢትዮጵያንም ጭምር፣ የሚነካ ነው።

ጎያንያ በብራዚል መካከል የምትገኝ ትልቅ ከተማ ናት። በዚያች ከተማ አንድ የጨረራ ሕክምና ክሊኒክ በ1985 ዓ.ም. መጨረሻ ወደ አዲስ ቤት ሲዛወር የኮባልት መሣሪያውን ይዞ ሄደ፤ አሮጌውን የሲዚየም 137 መሣሪያ ግን በቀድሞው ቤት ትቶት ሄደ። ፈቃድ ለሚሰጠው መሥሪያ ቤት የነገረው አልነበረም። ቤቱ ግማሹ ፈረሰ፤ በርና መስኮቱ ተወሰደ። በሴፕቴምበር 13 ቀን 1987 ዓ.ም. ቁርጥራጭ ብረት ፈልገው የመጡ ሁለት ወጣቶች መሣሪያውን ነቅለው በጋሪ ወሰዱት፤ ከቀናት በኋላም ለቁርጥራጭ ብረት ነጋዴ ሸጡት። ነጋዴው በዚያው ምሽት መጋዘኑ ውስጥ ከመሣሪያው ሰማያዊ ብርሃን ሲወጣ አየ። ውብ ነገር መስሎት ዘመድና ጎረቤት እየጠራ አሳየ፤ የሩዝ ፍሬ የሚያህለውን እያነሣ ለወዳጆቹ ሰጠ። አንዳንዶቹም እንደ በዓል ቅባት ገላቸውን ቀቡት። አንዲት የስድስት ዓመት ልጅ ዱቄቱ በነካው እጅዋ እህል በላች።

ዱቄቱ ሁሉ ተሰብስቦ 93 ግራም ያህል ነበር፤ በአንድ እፍኝ የሚያዝ። የጨረራው ኃይል ግን 1375 ኩሪ ነበር። ሰዎቹ ማስታወክ ሲጀምሩ ሐኪሞች የምግብ መመረዝ ወይም የቆላ በሽታ ነው ብለው አሰቡ። የነጋዴው ባለቤት ግን ሰዎች አንድ ላይ መታመማቸውን አስተዋለችና ቅሪቱን በከረጢት አስይዛ በአውቶቡስ ወደ ጤና ጥበቃ ቢሮ ወሰደችው። በማግሥቱ የሕክምና ፊዚክስ ባለሙያ መለኪያ ተውሶ ወደ ቢሮው ሲሄድ ገና ከሩቅ ሳለ መርፌው ከልክ አልፎ ጥግ ያዘ። ባለሙያው መሣሪያው ተበላሽቷል ብሎ ተመለሰና ሌላ አመጣ፤ ሁለተኛውም እንደዚያው ሆነ። ወደ ቢሮው ሲደርስም የእሳት አደጋ ሠራተኞች ከረጢቱን አንሥተው ወደ ወንዝ ሊጥሉት ሲዘጋጁ አገኛቸው። ጥቂት ዘግይቶ ቢሆን ኖሮ የአንድ ከተማ ወንዝ በተበከለ ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነው ለአገር ደኅንነት ለሚጨነቅ ሰው ሁሉ ትልቅ ትምህርት ነው። ከ112,000 የሚበልጥ ሕዝብ በስታዲየም ተሰልፎ ተመረመረ፤ ከነዚህ 249 ሰዎች ተበክለው ተገኙ። የነጋዴው ባለቤት፣ ትንሿ ልጅና ሁለት የመጋዘን ሠራተኞች ሞቱ። ቤቶች ፈረሱ፤ አፈሩ ተቈርጦ ተነሣ፤ በሺህ የሚቈጠር ሜትር ኩብ ቆሻሻ በበርሜል ታሽጎ ተቀበረ። የክፍለ ሀገሩ እህልና ልብስ ገዢ አጣ። የጎያንያ ሰው በሌላ ከተማ ሆቴል ማደሪያ ተነፈገ። የልጅቱ የሬሳ ሣጥን ወደ መቃብር ሲሄድ የፈራ ሕዝብ ድንጋይ ወረወረ። ይህ ሁሉ የሆነው ማንም ሰው ለመጉዳት ሳያስብ መሆኑን ልብ ይሏል።

ሰው ሆን ብሎ ቢያስብበትስ? በኖቬምበር 1995 ዓ.ም. የቼቼን አማፅያን መሪ ሻሚል ባሳዬቭ ለሩሲያ ቴሌቪዥን ነገረና በሞስኮ ኢዝማይሎቮ መናፈሻ ውስጥ ሲዚየም 137 ያለበት ጥቅል ተቀብሮ ተገኘ። አልፈነዳም፤ እንዲፈነዳም አልተፈለገም። የተፈለገው እንዲታይ ነበር። «ቆሻሻ ቦምብ» የሚባለው መሣሪያ ሥራው ይኸው ነው። እንደ አቶም ቦምብ ከተማ አያወድምም፤ በተለመደው ፈንጂ ጨረራውን ይበትናል እንጂ። ወዲያው የሚሞተውም በአብዛኛው በፈንጂው የሚሞተው ነው። ጉዳቱ ከዚያ በኋላ በሚመጣው ፍርሃት፣ በሚዘጋው ሰፈር፣ በሚታጠበው ወይም በሚፈርሰው ሕንጻ ላይ ነው። የጉዳቱን ልክ ለማየት በሜይ 2019 ዓ.ም. በሲያትል ከተማ የደረሰውን መጥቀስ ይበቃል። ከአንድ የምርምር ሕንጻ የሲዚየም መሣሪያ ለማውጣት የተላኩ ሠራተኞች የታሸገውን ቀለህ በስሕተት ቈረጡት። ከጠቅላላው ቁስ የወጣው እጅግ ጥቂቱ ነበር፤ የተበከሉትም 13 ሰዎች ብቻ ናቸው። ሕንጻው ግን ለረጅም ጊዜ ተዘግቶ ቈየ።

ለግንባታ ባለሙያዎች ደግሞ ከዚህ የቀረበ ታሪክ አለ። ሜክሲኮ ውስጥ በሲዩዳድ ሁዋሬዝ ከተማ በመጋዘን ለዓመታት ተጥሎ የነበረ የኮባልት 60 የሕክምና መሣሪያ በ1983 ዓ.ም. መጨረሻ ተፈትቶ ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠ። በውስጡ 6,000 ያህል ጥቃቅን ጥይት መሰል ፍሬዎች ነበሩ። ፍሬዎቹ ከብረቱ ጋር ቀልጠው ፌሮና የጠረጴዛ እግር ሆነው ወጡ። ነገሩ የታወቀው በጃንዋሪ 1984 ዓ.ም.፣ ፌሮ የጫነ አንድ ከባድ መኪና መንገድ ስቶ በሎስ አላሞስ ቤተ ሙከራ በር በኩል በማለፉና የበሩ የጨረራ መለኪያ በመጮኹ ነው። በመቶ የሚቈጠሩ ቤቶች በከፊልም ሆነ በሙሉ ፈረሱ። ሾፌሩ መንገዱን ባይስት ኖሮ ቤቶቹ ዛሬም ሰው ይኖርባቸው ነበር። በዚያው አገር በዲሴምበር 2013 ዓ.ም. ወደ ማከማቻ የሚጓዝ ሌላ የኮባልት መሣሪያ ከነመኪናው ተዘረፈ። ዘራፊዎቹ የፈለጉት መኪናውን ነበር፤ መሣሪያውም ከሁለት ቀን በኋላ ሜዳ ላይ ተጥሎ ተገኘ።

እነዚህ ምሳሌዎች ከኢትዮጵያ ኑሮ የራቁ አይደሉም። የመንገድ ሥራ የአፈር ጥግግት የሚለካበት መሣሪያ በውስጡ ሲዚየም ይይዛል። የቧንቧና የታንክ ብየዳ ስፌት የሚመረመረው በኢሪዲየም 192 ነው። በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የካንሰር ሕሙማን ለብዙ ዓመታት የታከሙት በኮባልት 60 ነበር። በቃሊቲም የገንዲ በሽታ አስተላላፊ የሆነውን የቆላ ዝንብ ወንዱን ለማምከን ጨረራ ተሠርቶበታል። እነዚህ ሁሉ የልማት ሥራዎች ናቸው፤ ይቅሩ የሚልም የለም። ጥያቄው መሣሪያው ሲያረጅ ወዴት ይሄዳል የሚለው ነው። ኮባልት 60 ከአምስት ዓመት ጥቂት በሚበልጥ ጊዜ ኃይሉ በግማሽ ይቀንሳል፤ ለሕክምና የማይበቃው ለጉዳት ግን ይበቃል። ሲዚየም 137 ደግሞ ግማሽ ለመሆን 30 ዓመት ይፈጃል። ፕሮጀክቱ ያልቃል፤ ኮንትራክተሩ አገሩ ይገባል፤ ሳጥኑ በግምጃ ቤት ጥግ ይቀራል፤ የሚያውቀው ግምጃ ቤት ኀላፊም ጡረታ ይወጣል። ከዚያ በኋላ ያንን እርሳስ የለበሰ ከባድ ሳጥን የሚፈልገው ቁራሌው ነው፤ ከርሱም ወደ ምናለሽ ተራ፣ ከዚያም ወደ ብረት ማቅለጫው ነው። ጎያንያና ሁዋሬዝ ላይ የሆነው ከዚህ በምን ይለያል?

እንግዲህ የአገርን ደኅንነት ማጠናከር ማለት ምን ማለት ነው? በብዙ ስፍራ የሚሰጠው መልስ አጥር ማሳደግና ዘበኛ ማብዛት ነው። ፔሊንዳባና ኦክ ሪጅ የዚህን መልስ ዋጋ አሳይተዋል። የተሻለው ጥበቃ የሚጠበቀውን ነገር ማጥፋት ነው። ከካዛክስታን ኡልባ ፋብሪካ በ1994 ዓ.ም. 600 ኪሎ ግራም ያህል እጅግ የበለጸገ ዩራኒየም በአውሮፕላን ተጭኖ ወደ አሜሪካ የተወሰደው በዚህ አሳብ ነው። በአፍሪካም ጋና በ2017፣ ናይጄሪያ በ2018 ዓ.ም. ለምርምር የሚያገለግሉትን ትናንሽ ሪአክተሮቻቸውን አነስተኛ ብልጽግና ባለው ነዳጅ ለውጠው የቀድሞውን ወደ ቻይና መልሰዋል። ምርምሩ አልተቋረጠም፤ አደጋው ግን ከአገሩ ወጣ። ይህ ሥራ የመሐንዲሶችና የሳይንቲስቶች ሥራ ነበር፤ ዘበኛም ሆነ ወታደር ሊሠራው የሚችል አልነበረም። በጨረራ ምንጮችም ረገድ እንዲሁ ነው። ለካንሰር ሕክምና የሚያገለግለው ሊኒየር አክሰለሬተር መብራት ሲጠፋ ጨረራውም አብሮ ይጠፋል፤ የሚሰረቅ ነገር የለውም። ደምን በጨረራ ለማከም የሚያገለግለውን የሲዚየም መሣሪያ በኤክስሬይ የለወጡ አገሮችም አሉ። በእርግጥ አክሰለሬተር የማይቋረጥ ኤሌክትሪክና የሠለጠነ ጥገና ይፈልጋል፤ ኮባልቱ ግን መብራት ቢጠፋም ይሠራል። በመሆኑም ለደሀ አገር ሐኪም ምርጫው ቀላል አይደለም፤ ለሕሙማኑ ሲል ኮባልቱን ቢመርጥ ሊወቀስ አይገባም። መወቀስ የሚገባው ኮባልቱን ሲገዛ የመመለሻውን ነገር ያልጻፈው ነው።

ሁለተኛው ነገር መዝገብ ነው። ስለ መዝገብ ሲነገር ጉባኤ ያንቀላፋል። ነገር ግን በጎያንያ የተሰበረው የእርሳስ ሳጥን ሳይሆን መዝገቡ ነው። ክሊኒኩ የት እንዳለ፣ መሣሪያው ማን ዘንድ እንዳለ፣ መጨረሻ ያየው ማን እንደ ሆነ ዓመት በዓመት የሚጠይቅ አንድ ጸሐፊ ቢኖር ኖሮ አራት ሰው ባልሞተ ነበር። በጃንዋሪ 2023 ዓ.ም. በምዕራብ አውስትራሊያ በማዕድን ማውጫ መለኪያ ውስጥ የነበረች፣ ርዝመትዋ 8 ሚሊሜትር የሆነች የሲዚየም ቀለህ፣ በመንገድ ንቅናቄ ብሎኑ ተፈትቶ ከመኪና ወደቀች። 1,400 ኪሎ ሜትር መንገድ በመለኪያ መኪና ተፈትሾ በቀናት ውስጥ ከመንገዱ ዳር ተገኘች። ያስገኛት መዝገቡ ነው፤ ምን እንደ ጠፋ፣ ከየት ተነሥቶ ወዴት እንደ ተጓዘ ተጽፎ ነበርና።

ሦስተኛው የሕግ ነገር ነው፤ በዚህ ላይ ብዙ መዘግየት አያስፈልግም። የተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት በኤፕሪል 2004 ዓ.ም. ባወጣው በውሳኔ ቍጥር 1540 እያንዳንዱ አገር እንዲህ ያለው ቁስ መንግሥት ላልሆኑ ወገኖች እንዳይደርስ ሕግ እንዲያወጣና ድንበሩን እንዲቈጣጠር አስገድዷል። የኑክሊየር ሽብር ድርጊትን ለማገድ የተደረገው ዓለም አቀፍ ስምምነትም በ2005 ወጥቶ በ2007 ዓ.ም. ጸንቷል። ኢትዮጵያ ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ የቪየናው ኤጀንሲ አባል ናት፤ በ1993 ዓ.ም. በወጣ ዐዋጅም የብሔራዊ ጨረራ መከላከያ ባለሥልጣን ተቋቁሞ ነበር፤ ሥራውም በኋለኞቹ ሕጎች መልኩን እየለወጠ ቀጥሏል። ሕጉ አለ። ሕጉ የሚሠራው ግን ብረት ማቅለጫው በር ላይ የጨረራ መለኪያ ሲቆም፣ መለኪያው ሲጮኽም «ተበላሽቷል» ብሎ ከመመለስ ይልቅ ሁለተኛ መለኪያ የሚያመጣ ሰው ሲኖር ነው።

በዚህ ሁሉ መካከል አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ደኅንነት በሚል ስም ሁሉን ነገር ምስጢር ማድረግ የሚወድ ሹም በየአገሩ አለ። የጥበቃውን ዝርዝር መሰወር ተገቢ ነው፤ ነገር ግን የጨረራ ምልክቱ ምን እንደሚመስል፣ ቢገኝ ለማን እንደሚነገር ሕዝብ ማወቅ አለበት። በጎያንያ ከረጢቱን ይዛ የሄደችው ሴት ስለ ጨረራ የነገራት ሰው አልነበረም፤ በራስዋ ማስተዋል ከተማዋን አዳነች፤ እርስዋ ግን አልዳነችም። ቁራሌው፣ የግምጃ ቤት ሠራተኛው፣ ማቅለጫ ላይ የቆመው ሰው የመጀመሪያዎቹ ዘበኞች እነርሱ ናቸው። ለነርሱ በአማርኛም ሆነ በሌላው ቋንቋ የተጻፈ ሥዕል ያለበት አንድ ወረቀት ከብዙ ካሜራ ይበልጣል።

በሴፕቴምበር 2025 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ከሩሲያ ጋር የኑክሊየር ኃይል ማመንጫ ለማቋቋም የሚያስችል የሥራ ዕቅድ ተፈራርማለች። ማመንጫው በማናቸውም ጊዜ ቢቆም፣ የጥበቃው ነገር ኮንክሪቱ ከፈሰሰ በኋላ የሚታሰብ ከሆነ ዋጋው እጥፍ፣ ጥቅሙም ግማሽ ይሆናል። ማን ወደ የትኛው ክፍል እንደሚገባ፣ ሁለት ሰው አብሮ ካልሆነ የማይከፈተው በር የትኛው እንደ ሆነ፣ ቫልቭ ሲከፈት ማን እንደ ከፈተው የሚመዘግበው መሣሪያ የት እንደሚቀመጥ የሚወሰነው በዕቅዱ ወረቀት ላይ ነው። ያገለገለው ነዳጅም ወደ ሻጩ አገር ተመላሽ መሆን አለመሆኑ በውሉ ውስጥ መጻፍ ይኖርበታል።

ከዚያ በፊት ግን ዛሬ በእጅ ያለ ሥራ አለ። የማኅበሩ አባላት በየመሥሪያ ቤታቸው የጨረታ ሰነድ ያዘጋጃሉ፤ ውል ይፈርማሉ፤ ዕቃ ይረከባሉ። ከእንግዲህ የጨረራ ምንጭ ያለበት ማንኛውም መሣሪያ ሲገዛ በሰነዱ ላይ አራት ነገር ይጻፍ፤ ምንጩን መልሶ የሚወስደው ማን ነው፣ በስንት ዓመት ውስጥ፣ በማን ወጪ፣ እስከዚያስ ቍልፉ የሚቀመጠው ከማን ዘንድ ነው። ለዚህ አዲስ ዐዋጅ፣ አዲስ በጀትም ሆነ ከውጭ የሚመጣ አማካሪ አያስፈልግም፤ ሰነዱን የሚያዘጋጀው መሐንዲስ ያለ ማንም ትእዛዝ በሚቀጥለው ጨረታ ሊያስገባው ይችላል።